የኮልፌ ጉርድ ፎቶግራፎች

ጉርድ ፎቶግራፍ የሚባለው የሰውን መልክ ከደረት በላይ ብቻ የሚያሳይ፣ ለመታወቂያ፣ ለፓስፖርት፣ ለትምህርት ቤት ምዝገባና ለሥራ ማመልከቻ የሚለጠፍ ትንሽ ምስል ነው። ቃሉ «ጎረደ» ከሚለው ግሥ የወጣና የተቆረጠ፣ ያጠረ የሚል ፍች ያለው ሲሆን፣ ጉርድ ቀሚስም ሆነ በአዲስ አበባ ምሥራቅ የሚገኘው ጉርድ ሾላ ስማቸውን የወረሱት ከዚያው ነው። መንግሥት ከሰው ላይ ቆርጦ የሚወስደው ይህን ያህሉን፣ ማለትም ፊትን፣ ሁለት ጆሮንና የአንገትን ሥር ነው፤ እጅ ምን እንደያዘ፣ ጫማው አዲስ ይሁን ያረጀ፣ አጠገብ ማን እንደቆመ መዝገቡ አይጠይቅም። በምዕራብ አዲስ አበባ፣ በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ፣ በየቤቱ በአልበም፣ በቆርቆሮ ሣጥንና በመስታወት ፍሬም ጠርዝ ተሰክተው የኖሩትን ፎቶግራፎች ለሚያስታውስ ሰው ግን ከጉርዱ ጎን ሌላ ዓይነት ምስል አለ፤ እርሱም ሰው ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ የሚታይበት፣ «ሙሉ ቁመት» የሚባለው ፎቶግራፍ ነው። የአካባቢው ሰው ከመንግሥት ጋር የነበረው ግንኙነት በእነዚህ ሁለት ምስሎች መካከል ባለው ርቀት ሊለካ ይችላል፤ ብዙው ሰው ዜግነትን፣ ማለትም በአገሩ ላይ ያለውን መብትና ግዴታ፣ የተዋወቀው አዋጅ ከማንበቡ በፊት በፎቶ ቤት በርጩማ ላይ ቀና ብሎ በመቀመጥ ነበርና።

አማርኛ ለዚህ ድርጊት የመረጠው ግሥም ልብ የሚባል ነው። ባለ ካሜራው «ያነሣል»፣ ባለ መልኩ «ይነሣል»፤ ከመኝታው የሚነሣ፣ ለክርክር የሚነሣ፣ በአመፅ የሚነሣ ሰው የሚጠራበት ያው ግሥ ነው። ይህ የቋንቋ አጋጣሚ ከሚችለው በላይ ትርጓሜ ሊጫንበት አይገባም፤ ሆኖም በቀድሞው ልማድ ፎቶ የሚነሣ ሰው ዝም ብሎ የሚታይ ፍጡር አልነበረም፤ ልብሱን ያዘጋጅ፣ ፀጉሩን ያበጥር፣ አቋቋሙን ይመርጥ ነበር።

ፎቶግራፍ በኢትዮጵያ ፖለቲካ ውስጥ የገባው ከላይ ወደ ታች ነው። በ20ኛው ምዕተ ዓመት መባቻ በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ሥራ የጀመረው የአርመኖቹ የቦያጂያን ቤተሰብ ካሜራውን ከአባት ወደ ልጅ እያስተላለፈ ተከታታይ ነገሥታትን አንሥቷል። የምኒልክ ወራሽ ልጅ ኢያሱ በመስከረም 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን በወረዱበት ሰሞን የሙስሊም ልብስ ለብሰው የሚታዩበት ፎቶግራፍ እንደ ማስረጃ መዞሩ፣ ምስሉ እውነተኛ ነው ወይስ የተቀነባበረ የሚለው ጥያቄም የታሪክ ጸሐፊዎችን ማከራከሩ፣ በወረቀት ላይ ያለ መልክ ዙፋን ሊያናጋ እንደሚችል ገና በማለዳው አሳይቷል። በዚያ ዘመን ምስሉ የሚመሰክረው ስለ ገዥው ነበር፤ ተራውን ሰው ማንነትህን በፎቶግራፍ አስረዳ የሚል መሥሪያ ቤት እምብዛም አልነበረም።

ኮልፌ ወደዚህ ታሪክ የምትገባው ባልተጠበቀ በር ነው። ከመርካቶ በስተ ምዕራብ የተዘረጋው ይህ አካባቢ አጠና ተራን፣ 18 ማዞሪያን፣ አየር ጤናን፣ ቤቴልንና ዓለም ባንክን የመሳሰሉ ሠፈሮችን አቅፎ በ1995 ዓ.ም. ክፍለ ከተማ ከመሆኑ ከአርባ ዓመት በፊት፣ የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሠፈር በመሆኑ ይታወቅ ነበር። በ1954 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ኔልሰን ማንዴላ የወታደራዊ ሥልጠና የወሰዱት በዚህ ሠፈር ሲሆን፣ በኋላ በጄኔራልነታቸው የሚታወቁት ታደሰ ብሩ ከአስተናጋጆቻቸው አንዱ ነበሩ። ለፎቶግራፍ ታሪክ ከጠመንጃው ይልቅ የሚስበው ማንዴላ የያዙት ፓስፖርት ነው፤ ኢትዮጵያ የሰጠቻቸው ይህ ሰነድ ዴቪድ ሞትሳማይ በሚል የሌላ ሰው ስም ላይ የእርሳቸውን መልክ የለጠፈ ነበር። በገዛ አገራቸው በደቡብ አፍሪካ የአፓርታይድ ሥርዓት ጥቁሩን ሕዝብ ፎቶግራፍ ያለበት የይለፍ ደብተር በግድ ያስይዝ ነበር፤ ማንዴላም በ1952 ዓ.ም. ያንን ደብተር በካሜራ ፊት ያቃጠሉ ሰው ናቸው። የተቃጠለው ጉርድ ፎቶግራፍ ባለቤቱን በአገሩ ላይ ባይተዋር የሚያደርግ ሲሆን፣ በኢትዮጵያው ፓስፖርት ላይ የነበረው ደግሞ ባይተዋሩን ለጥቂት ወራት ዜጋ አድርጎት ነበር። ማንዴላ ወደ አገራቸው ተመልሰው ሐምሌ 29 ቀን 1954 ዓ.ም. ተያዙ።

የተራው ሰው ፎቶግራፍ ያደገው ግን በፎቶ ቤት ነው። ፎቶ ቤት ማለት ፎቶግራፍ የሚነሣበት፣ ፊልሙ የሚታጠብበትና የሚታተምበት ሱቅ ሲሆን፣ በፒያሳና በመርካቶ ተጀምሮ እያደር ወደ ዳር ሠፈሮች ወርዷል። ከፊት ለፊት መስታወትና ማበጠሪያ፣ ከጀርባ በቀለም የተሣለ ሸራ ወይም መጋረጃ፣ ጥግ ላይ የፕላስቲክ አበባ፣ ከፍ ሲልም ሬዲዮ ወይም ስልክ ይኖራል፤ ኮትና ክራቫት ለደንበኛ የሚያውሱም ነበሩ። ደንበኛው በዚህች ጠባብ ክፍል ውስጥ በውጭ ያልሆነውን ሆኖ ይቆማል፤ የጉልበት ሥራ የሚሠራው ወጣት ባለ ክራቫት ይሆናል፣ ከገጠር የመጣች እህቱ በውሰት ሻርፕ ከተሜ ትሆናለች፣ ሁለት ጓደኛሞች እጅ ለእጅ ተያይዘው እንደ ወንድማማች ይነሣሉ። ይህን ማስመሰል ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ነገር ግን በአንድ ርስት ጌታ መሬት ላይ በጭሰኝነት ከሚኖር ቤተሰብ ወጥቶ ከተማ የገባ ሰው፣ ከማንም ዝቅ ሳይል፣ ሙሉ ቁመቱን ለካሜራ ሲሰጥ፣ ገና ያልመጣውን እኩልነት አስቀድሞ እየለካው ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። በማሊ ዋና ከተማ በባማኮ ሰይዱ ኬይታ እ.ኤ.አ. በ1948 በከፈተው ስቱዲዮ ለደንበኞቹ ኮት፣ የእጅ ሰዓት፣ ሬዲዮና ቬስፓ ሳይቀር ያቀርብ የነበረው አገሩ ገና በፈረንሳይ ቅኝ አገዛዝ ሥር ሳለች ነው፤ ሰዎቹ በፎቶግራፉ ውስጥ ነጻ የወጡት ከአገራቸው በፊት ነበር።

የፎቶግራፉ ጀርባም ራሱን የቻለ ሰነድ ነው። «ለማስታወሻ» ተብሎ ይጀመርና የሰጪው ስም፣ የተቀባዩ ስም፣ ቀኑ ይጻፋል፤ ጽሑፉ በአብዛኛው በጥንቃቄ የተቀረጸ ነው፣ ፊደል ከቆጠረ ብዙ ያልቆየ እጅ እንደሚጽፈው። ጉርዱ ፎቶግራፍ ወደዚህ የስጦታ ዓለም የሚገባው በትርፍነቱ ነበር። ፎቶ ቤቱ ጉርድ ፎቶ የሚያትመው በነጠላ አልነበረም፤ አራት ወይም ስድስት ሆኖ ይታተምና መሥሪያ ቤቱ ሁለቱን ይወስዳል፣ የቀሩት ለእናት፣ ለእጮኛ፣ ለክፍል ጓደኛ ይታደላሉ። ኔጌቲቩም፣ ማለትም ብርሃንና ጥላው የተገለበጠበት የፊልሙ ቁራጭ፣ በፎቶ ቤቱ ሣጥን ይቀመጥና በሌላ ጊዜ ይጠራል። ስለዚህ መንግሥት ባዘዘው ምስልና በቤተሰብ አልበም መካከል ያለው ድንበር ከላይ የተባለውን ያህል የጠራ አይደለም፤ አልበሙን ከሞሉት ፊቶች ብዙዎቹ ከመዝገብ ቤት የተረፉ ናቸው። በፊሊፕ ሹትስ፣ በወንጌል አበበና በናፍቆት ገብየሁ ተሰባስቦ እ.ኤ.አ. በ2018 በመጽሐፍ የወጣው «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የከተማይቱን ቤተሰቦች አልበም ለአደባባይ ሲያበቃ ያሳየው ደስ የሚለውን ገጽ፣ ሠርጉን፣ ጭፈራውንና የፀጉር አሠራሩን ነው፤ የእነዚያው አልበሞች ትንንሾቹ ጉርዶች ግን የሚናገሩት ሌላ ነገር አለ።

ያንን ለመስማት ወደ 1960ዎቹ መመለስ ያስፈልጋል። በ1965 ዓ.ም. የወሎ ረሃብ ሲካድ፣ ከሥፍራው የመጡ ፎቶግራፎች በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ግቢ መታየታቸው ተማሪውን አነሣሥቷል። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት፣ ወታደራዊው ደርግ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በወሎ የቀረጸውን ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስና ከንጉሠ ነገሥቱ ውሾች ምስል ጋር አጣምሮ በቴሌቪዥን አሳየ፤ በማግስቱ ንጉሡ ከሥልጣን ወረዱ። ቴሌቪዥን የነበረው ቤት ጥቂት ነው፤ በኮልፌ ያለው ሰው ያንን ምሽት በአብዛኛው የሚያውቀው ካየ ሰው ሰምቶ ነው። ቢሆንም ከዚያ ምሽት በኋላ ንጉሡና እቴጌይቱ በየሳሎኑ ግድግዳ የተሰቀሉበት ፎቶግራፍ በቀድሞ ዓይን የሚታይ አልሆነም። የፎቶግራፍ አሳቢዋ አሪየላ አዙላይ እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተመችው መጽሐፍ ፎቶግራፍ በአንሺው፣ በተነሺውና በተመልካቹ መካከል የሚደረግ፣ መንግሥት ያልፈረመበት ውል ነው ትላለች፤ በዚህ ውል መሠረት በደል የሚታይበት ሰው ዜግነት ባይኖረውም ተመልካቹ ላይ ጥያቄ አለው። የወሎ ገበሬ በአደባባይ እንደ ዜጋ የታየው ምናልባት በዚያ ፊልም ለመጀመሪያ ጊዜ ነው፤ ምስሉን ከዲምብልቢ እጅ ወስዶ የራሱን ንግግር የተናገረበት ግን አዲሱ ገዥ ነበር።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 47/1967 ቀበሌን ወለደ። ቀበሌ ማለት በአንድ ሠፈር ያሉ ነዋሪዎች የሚመዘገቡበት የመጨረሻው የአስተዳደር እርከን ሲሆን፣ የቤት ኪራይ ይሰበስብ፣ በሕብረት ሱቅ ስኳርና ዱቄት ያከፋፍል፣ ከሁሉም በላይ መታወቂያ ይሰጥ ነበር። ኮልፌን ያህል የተጨናነቀ ሠፈር ቤት ለቤት በቁጥር የታወቀው በዚህ መዋቅር ነው። ጉርድ ፎቶግራፍ በመታወቂያው ላይ ሲለጠፍ ክቡ ማኅተም ግማሹ በፊቱ ላይ፣ ግማሹ በወረቀቱ ላይ እንዲያርፍ ይደረግ ነበር፤ ፊትን ከሰነዱ ነጥሎ ሌላ ፊት መተካት እንዳይቻል የተዘየደ ዘዴ ነው፤ ፊቱ ግን ከዚያ በኋላ የግል ብቻ አልነበረም። በአብዮት አደባባይ የማርክስ፣ የኤንግልስና የሌኒን ግዙፍ ምስሎች በተሰቀሉበት ዘመን፣ የዜጋው ምስል ከአውራ ጣት ጥፍር ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ የመጠኑ ልዩነት ብቻውን የመንግሥቱን ባሕርይ ይናገራል።

ከዚያ ቀይ ሽብር፣ ማለትም ደርግ ተቃዋሚዎቹን የፈጀበት ዘመቻ፣ መጣ። በ1969 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቤት ለቤት በተካሄደው አሰሳ ወረቀት ሁሉ ተጠርጣሪ ሆነ፤ ፎቶግራፍም ከወረቀት የባሰ ነበር፤ አብሮ የተነሣ ሰው ጓደኛ መሆኑን ስለሚመሰክር። ልጆቻቸው በተቃዋሚው በኢሕአፓ አባልነት የተጠረጠሩባቸው ወይም ይጠረጠሩብን ይሆናል ብለው የፈሩ ብዙ ቤተሰቦች የጋራ ፎቶግራፎችን፣ በተለይም ከጀርባቸው ስም የተጻፈባቸውን፣ በምድጃ ከተቱ። ሊጠፋ የማይችለው በትምህርት ቤትና በመሥሪያ ቤት መዝገብ የተለጠፈው ጉርድ ብቻ ነበር። ሙሉ ቁመቱ የተቃጠለበት ወጣት ከሞተ በኋላ ለእናቱ የቀራት የመዝገቡ ትርፍ ነው። በመስቀል አደባባይ ዳር በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ግድግዳውን የሸፈነባቸው ረድፍ ረድፍ ፊቶች ብዙዎቹ በዚህ መንገድ የተረፉ ይመስላሉ፤ ጉርድ ናቸው፣ ቀጥ ብለው ወደፊት ያያሉ፣ ኮታቸው ወይም የተማሪ ሹራባቸው አንገት ላይ ያበቃል። መንግሥት ለይቶ ሊያውቅበት ያስነሣው ምስል መንግሥት የሚከሰስበት ምስክር የሆነው በዚህ ግድግዳ ነው፤ በኢትዮጵያ የፎቶግራፍ ታሪክ ከዚህ የሚበልጥ ሥፍራ አለ ለማለት ያስቸግራል።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ መታወቂያው ቀጠለ፤ «ብሔር» የሚል መስመርም ለዓመታት ተሸከመ፤ ከፎቶው ሥር የሰፈረችው አንዲት ቃል ከፎቶው በላይ መነበብ የጀመረችበት ጊዜ መጣ። ፎቶ ቤቶችም በቀለም ማተሚያ ማሽን፣ በኋላም በኮምፒውተር ተለወጡ፤ በአየር ጤና፣ በጦር ኃይሎችና በ18 ማዞሪያ መስኮታቸው ላይ «ጉርድ በ5 ደቂቃ» የሚሉ ዓይነት ማስታወቂያዎች ተለጠፉ። ከዚህ ሁሉ ግን የአካባቢውን የፖለቲካ ምናብ፣ ማለትም ሰው የእኔ አገርና የእኔ ነገ የት ነው ብሎ የሚያስበውን ነገር፣ በጥልቀት የነካው ዲቪ ነው። ዲቪ አሜሪካ በ1987 ዓ.ም. በዕጣ የመኖሪያ ፈቃድ መስጠት የጀመረችበት መርሐ ግብር ሲሆን፣ ማመልከቻው በ1996 ዓ.ም. ወደ ኢንተርኔት ከተዛወረ ወዲህ «ዲቪ መሙላት» የፎቶ ቤቶችና የኢንተርኔት ካፌዎች የመኸር ሥራ ሆነ። ፎቶው አራት ማዕዘን፣ ጀርባው ነጣ ያለ፣ ፊቱ ቀጥ ያለ መሆን አለበት፤ ያልተስተካከለ ከሆነ ማመልከቻው ይወድቃል። ለአገሩ መታወቂያ አንዴ ተነሥቶ ለዓመታት የሚገለገል ሰው ለማያውቃት አገር በየዓመቱ አዲስ ፊት ይሰጥ ጀመር።

ወደ ዓረብ አገር የሚሄዱት ሴቶች ታሪክ ደግሞ የጉርድና የሙሉ ቁመትን ትርጉም ገለበጠው። ቤይሩት፣ ጅዳ ወይም ዱባይ ለቤት ሠራተኝነት የምትቀጠር ሴት ማመልከቻ ከጉርዱ ሌላ ቆማ የተነሣችው ሙሉ ቁመት ፎቶግራፍ ይያያዝበታል፤ ቀጣሪው ጤናማነቷን፣ ቁመቷን፣ እጆቿን እንዲያይ። በፎቶ ቤት ሸራ ፊት በገዛ ፈቃድ ይሰጥ የነበረው አቋቋም የዕቃ መግለጫ ሆነ። መንግሥት ያልጠየቀውን ግማሽ ገበያው ጠየቀው ማለት ነው፤ ይህን ያስተዋለ ሰው ጉርዱን ብቻ የጭቆና ምስል፣ ሙሉ ቁመቱን ብቻ የነጻነት ምስል አድርጎ የሚያየውን ንባብ ይተወዋል።

በጉርድ ፎቶግራፍ የማይታየው እጅ ወደ አደባባይ የተመለሰው በሌላ አኳኋን ነው። ሚያዝያ 30 ቀን 1997 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ በተደረገው የተቃዋሚው የቅንጅት ሰልፍ ሁለት ጣት ያነሣው ሕዝብ፣ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮም በመርካቶው አንዋር መስጊድና በሌሎችም መስጊዶች «ድምፃችን ይሰማ» እያለ እጁን ያነሣው ሙስሊም ምእመን በፎቶግራፍ የሚታወሰው በፊቱ ሳይሆን በእጁ ነው። ከመርካቶ ጋር የተያያዘው፣ ብዙ ሙስሊም የሚኖርበት ኮልፌ ከሁለተኛው እንቅስቃሴ ሩቅ አልነበረም። በ1997 ካሜራው በአብዛኛው የጋዜጠኛው ነበር፤ በ2004 ግን ስልክ የያዘ ሁሉ አንሺ ሆኗል፤ ምስሉም በፌስቡክ ይዞር ነበር። ፊት የሚለይበት ምስል እስር ሊያመጣ በሚችልበት ሰዓት፣ ከኋላ የተነሣ፣ እጅ ብቻ የሚታይበት የሕዝብ ፎቶግራፍ ለባለቤቶቹ የመታወቂያ ተቃራኒ ነበር።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በዚያው በኮልፌ ቀራኒዮ፣ በቆሼ፣ ማለትም ከተማይቱ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቆሻሻዋን በከመረችበት የረጲ ሥፍራ፣ ክምሩ ተንዶ በሥሩ የነበሩትን የጭቃና የላስቲክ ቤቶች ቀበረ፤ ከ110 በላይ ሰው ሞተ፤ የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘንም ታወጀ። በለቅሶው ሐዘንተኞች የሟቾቻቸውን ፎቶግራፍ በደረታቸው አቅፈው ታዩ። የሟችን ምስል ይዞ ማልቀስ በአገሪቱ የቆየ ልማድ ነው፤ በቆሼ ግን ሌላ ክብደት ነበረው፤ እነዚህ ሰዎች በሕይወት ሳሉ ከተማይቱ ዞር ብላ ያላየቻቸው ነበሩና። ጉርዱ ፎቶግራፍ በዚያን ዕለት ያደረገው በመታወቂያ ላይ የሚያደርገውን ነው፤ ይህ ሰው ነበረ፣ ስም ነበረው፣ የዚህ ሠፈር ነዋሪ ነበር ብሎ መመስከር።

በ2015 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1284/2015 የቆመው ፋይዳ፣ ማለትም ብሔራዊው ዲጂታል መታወቂያ፣ ይህን ሁሉ ወደ ሌላ ምዕራፍ አሻግሮታል። ተመዝጋቢው በወረዳ ጽሕፈት ቤት ወይም በባንክ ጠረጴዛ ፊት ይቀመጣል፤ ባለሙያው የአሥር ጣቶቹን አሻራ፣ የዓይኑን ብሌንና ፊቱን ባንድ መቀመጫ ይወስዳል፤ ቁጥሩ በስልክ መልእክት ይደርሰዋል። የደኅንነቱም የአገልግሎቱም ጥቅም የሚካድ አይደለም፤ ነገር ግን በዚያ ጠረጴዛ መስታወትና ማበጠሪያ የለም፣ ከስድስቱ አራቱን ወደ ቤት የሚወስድም የለም። የኮልፌ ፎቶ ቤቶች ከጉርድ ያጡትን ገበያ ዛሬ በከፊል የሚያካክሱት በልደት፣ በምርቃትና በሐዘን ነው። ሰው ሲሞት ቤተሰቡ ከስልክ ውስጥ አንድ ምስል ይዞ ይመጣል፤ ብዙውን ጊዜ በሠርግ ወይም በበዓል ከብዙ ሰው ጋር የተነሣበት፣ ሙሉ ቁመቱ የሚታይበት ነው። ባለሙያው ምስሉን በኮምፒውተሩ ላይ ይከፍትና የትኛው እንደሆነ ይጠይቃል፤ በትከሻው ላይ ያለውን የሌላ ሰው እጅ ያጠፋል፣ ጀርባውን ያነጣል፣ ከደረት በታች ያለውን ይጎርዳል፤ ለደረት ፒን ትንሹን፣ ለድንኳኑ ትልቁን ያትማል።